ብልጭ ድርግም የምትለው ጆይስቲክ

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡30

ዛሬም ተቋረጠች። ሁለተኛው አጋማሽ። ኳሱ እግሬ ሥር ነው፣ በረኛው ወጥቷል፣ ልመታ ስል ጆይስቲኳ እጄ ላይ ሞተች። መብራቷ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ መልሰህ አገናኝ ይላል። ጨዋታው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እሱ ደግ ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ይኸ አራተኛው ነው።

ለማን ልናገር? አንተ መዝገብ፣ ላንተው ልጻፍ። ባዶህን ከኔ ጋር ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣህ ነህ። ሠላሳ ዓመት ቆሰበር መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ጉዳይ ስመዘግብ ኖርኩ። የራሴን ለመጻፍ አሁን ጊዜ አገኘሁ።

ዕቃው፦ አዲስ ጌም ማጫወቻ። አንድ ማሽን፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ።

ምክንያቱ፦ ግራ እጄ። የዛሬ ስምንት ወር ደም ግፊት ጥሎኝ ስነሣ ግራ እጄ ዝሎ ቀረ። ሐኪሙ ኳስ ጭመቅ አለኝ። ጨመቅኩ፣ ሰለቸኝ፣ ወረወርኩት።

ላኪው፦ የዳንግላው።

የዳንግላው ማለት እሑድ ዕለት ሦስት ሽማግሌ ልኮ ልጄን እናትነሽን የጠየቀኝ ሰውዬ ነው። እዚያ ዳንግላ ሞባይልና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ስሙን እዚህ ለመጻፍ ገና አልፈቀድኩም። ማሽኑን የላከው ሽማግሌ ከመላኩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ በእናትነሽ እጅ፣ ለአባትሽ ጣቶች ይጠቅማል ብሎ። ለሽማግሌዎቹ መልስ ታኅሣሥ 5 እሑድ እሰጣለሁ ብያለሁ።

ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዕቃ የሚልከው ለምንድን ነው? እስቲ አንተው መልስ።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ። ጠዋት 4 ሰዓት

ዕቃውን መረመርኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ መስኮት ሥር። ከታች ጭረት አለበት፣ የጥፍር ታህል። አዲስ ዕቃ ምን አግኝቶት ይጫራል? የካርቶኑ ፕላስተር ደግሞ ድርብ ነው። አንዴ ተከፍቶ የታሸገ ነው ማለት ነው።

እናትነሽን ጠየቅኋት። መሥራቱን ለማየት ከፍቶት ነበር አለች። ጉድ ፈላ! ጠጋኝ የከፈተውን ዕቃ ማን ያምናል? ደኅናውን አውጥቶ አሮጌ ቢያስገባበትስ? እንዲህ ያለ ነገር ስል ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች። የእናቷ ዓይን ነው።

ማሽኑ የት እንዳለ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣው ግራጫው። በያጅ ጠርቼ ከጀርባው ለገመዶቹ መውጫ አስበስቼዋለሁ። ላዩ ላይ ጥልፍ ጣል አድርጌበታለሁ፣ ባለጉዳይ ቢመጣ ዕቃ ማስቀመጫ ይመስለዋል። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው።

የመዝገብ ቤት ሕግ ታውቃለህ፦ ሰው ሲገባ ካቢኔት ይዘጋል። ቤት ውስጥ ማንም ካለ ቁም ሳጥኑን ቆልፌ ነው የምጫወተው። ብቻዬን ስሆን በሩን ወለል አደርገዋለሁ፣ ማሽኑ ይተንፍስ ብዬ። እናትነሽ ማሽኑ እዚያ እንዳለ አታውቅም እንዴ? ታውቃለች። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።

መሥሪያ ቤት ሳለሁ ቁልፍ ለሰው የሰጠሁት አንድ ቀን ነው። ጓደኛዬ ነበር፣ አብረን ምሳ የምንበላ። ቁልፉን ተቀብሎኝ እኔ ሐኪም ቤት ደርሼ ስመለስ አንድ የይዞታ ፋይል የለም። እሱ አላየሁም አለ። ተጠያቂው ባለ ቁልፉ ነው ተባለ። ስሜ ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ተነሣ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ያኔ ነው የገባኝ።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ። ጠዋት 2፡45

ሦስት ጊዜ ተቋረጠች። ሁለት ለምንም ተሸነፍኩ።

እናትነሽ ጓዳ ሆና ስልክ ታወራለች። በአዊኛ። እኔ አዊኛ አልችልም፣ ከገበያ ሰላምታ አላልፍም። ልጄ ከእናቷ ነው የተማረችው። የዳንግላውም ይችላል። ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከሱ ጋር በአዊኛ። በወሬው መካከል «ጆይስቲክ» የሚለው ሲጠራ ግን ሰማሁ። ሁለት ጊዜ።

ቁርስ ላይ መጣች። እሱ ራሱ መጥቶ ቢያየው በአንድ ሰዓት ያስተካክለዋል አለችኝ።

አሃ!

አሁን ገባኝ። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳያገኝ ከልጅቱ አባት ደጅ አይደርስም። ይኸን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቆሰበር ሲመጣ እንኳ መንገድ ላይ ካየኝ ማዶ መሻገር አለበት። ታዲያ መልሴን ሳይጠብቅ እንዴት ይግባ? ዕቃው ይበላሻል፣ አባትየው ይጨነቃል፣ ጠጋኙ ይጠራል፣ ሳሎኔ ገብቶ ይቀመጣል። ውሃ ከጠጣ፣ ከተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት እምቢ እላለሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

አይመጣም አልኳት። እሺ አባዬ አለች። እሺ ስትል ነው የምፈራት።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9 ሰዓት

ወሬ በማስረጃ ነው። አንተ ላይ አዲስ ገጽ ከፈትኩ፣ በማስመሪያ አሰመርኩት። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ተቋረጠች፣ ቤት ውስጥ ማን ነበር።

እስካሁን የማስታውሰውን ሁሉ ሞላሁ። በዚህ ሳምንት እናትነሽ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ቤት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ተቋረጠች። ከሰዓት እሷ ለማስተማር ስትወጣ ብቻዬን ተጫወትኩ። አንድም ጊዜ አልተቋረጠችም። አንድም ጊዜ!

ልጄ ናት። ለዛሬ ሌላ አልጽፍም።


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 10፡20

አያ ፈንታ አሁን ወጣ። የሽማግሌዎቹ አለቃ እሱ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነበር፣ በሠላሳ ዓመት አንድም ጊዜ ሰው ያልገጨ፣ አንድም ጊዜ ነገር ያልደበቀ። በሽምግልናው ጉዳይ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀበልኩት። ለካ መልእክት ይዞ ነው። ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። የዳንግላው በስልክ ያስጻፈው ነው።

እስቲ አስበው፦ ልጄን ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ የጆይስቲክ ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ። ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ያነብልኛል። ከጀርባዋ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል አለች። በመርፌ ወጋ አድርግና እስከ አምስት ቁጠር። ከዚያ በገመድ ከማሽኑ ጋር ሰክተህ የመሐሏን በተን ተጫን። ከዚያ ገመዱን ንቀል።

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ እሱን ወደ መስኮት ዙር ብዬ፣ ሰካሁ። እሱ ጮክ ብሎ አምስት ቆጠረ። መብራቷ ቀጥ ብላ በራች። ደስ አለን፣ ልጆች መሰልን። ገመዱን ነቀልኩ፣ ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩ፣ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ ብልጭ ድርግም።

እናትነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ በገመድ ሰክተው ለምን አይጫወቱም አለች። ገመዱ አጭር ነው፣ እንደ ታሰረ ጥጃ ግድግዳ ሥር ልቁም እንዴ አልኳት። ዛሬ ደግሞ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ከሰዓት ቤት ናት። ዓምዱ ላይ ጻፍኩ።

አያ ፈንታ ሊወጣ ሲል ወረቀቱን አገላብጦ አንድ ነገር ረስቼ አለኝ። ሰውየው የጠየቀው ጥያቄ ነው። ማሽኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ብላው ነበር እናትነሽ፣ ቁም ሳጥኑ የእንጨት ነው የብረት?

ለምን ፈለገው ስል አያ ፈንታ ራሱን አከከ። ምክንያቱን ሲነግረኝ ኔትወርኩ ቆረጠብን አለ።

የእንጨት ነው የብረት ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? በእንጨትና በብረት መካከል ያለው ልዩነት ለማን ነው የሚያስፈልገው? ለሰባሪ ነው! ጥልፌን አየሁ፣ ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል።

የእንጨት ነው በለው አልኩት።

አያ ፈንታ እሺ ብሎ በባጃጅ ሄደ።


ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ከሰዓት 11 ሰዓት

ሰንጠረዡ ሞላ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ጠዋት ቤት ነበረች፣ ጠዋት ተቋረጠች። በዚህ ሳምንት ከሰዓት ቤት ናት፣ ከሰዓት ትቋረጣለች። ፈረቃዋ ሲዞር ብልሽቱ አብሮ ዞረ። ዳኛ ፊት ባቀርበው ይፈረድልኛል።

እንዴት አድርጋ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። በስልኳ ይሆን? ስልክም ብሉቱዝ አለው። ጓዳ ሆና አንዱን ነክታ ታጠፋብኝ ይሆናል። የዳንግላው አስተምሯት። እኔ ተጨንቄ ጥሩልኝ እስክል።

የሚያናድደኝ ግራ እጄ በዚህች ነገር መዳኑ ነው። አውራ ጣቴ አሁን በተኗን እስከ መጨረሻው ይጫናል። የዛሬ ወር ማንኪያ አይይዝም ነበር። ደግ ነገር አድርጎልኛል፣ ስለዚህም የባሰ እጠረጥረዋለሁ። ደግነት እንዲሁ ይሰጣል?


ኅዳር 26፣ ዓርብ። ከሰዓት 10 ሰዓት

ነገርኳት።

ሰንጠረዡን ፊቷ ዘረጋሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዓምዱን አንድ በአንድ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። ስልክሽን አምጪ አልኩ። በአዊኛ የምትነጋገሩትን ዛሬ በአማርኛ ንገሪኝ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ እዚህ መዋሸት አልችልም።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በአዊኛ የምታወራው ስለ እጄ ነው አለች። ለሐኪሙ የማልነግረውን ለሱ ትነግረዋለች፣ ሌሊት ሌሊት እጄ ስለሚደነዝዝብኝ፣ ሰው ፊት ስለማፍርበት። እኔ እንዳልሰማና እንዳላፍር ነው። ደግሞም የእናቷ ቋንቋ ነው። ይኸንን ስትል አላለቀሰችም። ከዚያ ሰንጠረዡን አየችው።

«አባዬ፣ እኔም ፋይል ሆንኩብዎት?»

ልብሷን በቦርሳ ከታ ወጣች። አዲስ ቅዳም አክስቷ ዘንድ ነው የምትሆነው፣ የእናቷ እኅት። ከዚያ በሚኒባስ እየተመላለሰች ታስተምራለች። ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ መልስ የፈቀዱትን ይስጡ፣ እኔ ከቃልዎ አልወጣም ብላኛለች። ከቃልዎ አልወጣም! ከመሳደብ የከፋ ነው።

በማስረጃው ግን እርግጠኛ ነኝ። አሁን እናያለን።


ኅዳር 28፣ እሑድ። ጠዋት 4 ሰዓት

ትናንትና ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አልተቋረጠችም። አምስት ጨዋታ፣ አንድም ብልጭታ የለም። በመጨረሻው አራት ለባዶ አሸነፍኩ።

ተረጋገጠ። ልክ ነበርኩ።

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ቤቱ ዝም ብሏል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጉሙ ጠዋት ጠዋት እስከ ደጃፌ ይመጣል፣ ዛሬ መስኮቱን ሞልቶታል። ግብ ሳገባ ዞር ብዬ አየሽ ልል ነበር። ሁልጊዜ ጓዳ ሆና ገባ? ትለኝ ነበር። የሸሚዜን ቁልፎች ዛሬ በግራ እጄ ቆለፍኩ፣ አምስቱንም፣ የሚያይ የለም።

እሷ ስታገባ እንዲህ ነው የምኖረው ማለት ነው። እንዲያው ጻፍኩት እንጂ ጉዳዩ እሱ አይደለም።


ኅዳር 30፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡30

ጉድ ነው የምጽፍልህ።

አያ ፈንታ መጣ። ልጅቱ አዲስ ቅዳም እንዳለች ሰምቷል። ምን አደረግሃት አለ። ሰንጠረዡን አሳየሁት፣ እየሳቀ አነበበው፣ መጨረሻ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። «ቢያድግልኝ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ» አለኝ።

ተናደድኩ። ና እንግዲህ፣ እሷ የለችም፣ ጆይስቲክ ያዝና በዓይንህ እይ አልኩት። ሁለተኛዋን ሰጠሁት። በተኖቹን እንደ መሪ ጨምቆ ያዛቸው። ጀመርን። ኳሱን ወደ ራሱ ጎል ነዳው፣ ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ታያለህ አልኩት፣ እሷ ስለሌለች አንድም አትቋረጥም።

ብልጭ ድርግም።

የሱም። የኔም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

እሱ እኔን ያየኛል፣ እኔ እሱን አየዋለሁ። ማን ነው ታዲያ የዛሬው ጥፋተኛ? አለኝ።

አልዋሽህም፣ መዝገብ፣ አያ ፈንታንም ጠረጠርኩት። ከዳንግላው ተመክሮ ቢሆንስ አልኩ። ኪሱን አየሁ፣ ሳይ አየኝ። አሮጌ ባለ በተን ስልክ ነው ያለው፣ ብሉቱዙ እንኳ መኖሩን እንጃ። ሽማግሌ፣ ሹፌር፣ በሠላሳ ዓመት አንድም ነገር ያልደበቀ ሰው። ነጠላውን አንሥቶ ወጣ። ሳይሰናበተኝ አይወጣም ነበር።

ዓምዱ ላይ «ቤት ውስጥ ማን ነበር» በሚለው ሥር አያ ፈንታ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በተቋረጠች ቁጥር አንዴ እናትነሽ አለች፣ አንዴ እናትነሽና ፈንታ፣ አንዴ ፈንታ ብቻ። ሁልጊዜ ያለ ሰው ግን አንድ ነው። ስሙን ዓምዱ ላይ አልጻፍኩትም ነበር፣ እኔ ነኝ።

ሰው ሲመጣ እኔ የማደርገው ምንድን ነው?

አያ ፈንታ የአጥሩን በር ሲገፋ እጄ ምን አደረገ? ሳላዘው ወደ ቁልፉ ሄደ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው።

ሰው ሲገባ ካቢኔት ይዘጋል።


ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ። ጠዋት 3 ሰዓት

ብቻዬን ነኝ። ፈተንኩት።

ቁም ሳጥኑ ክፍት። መብራቷ ቀጥ። ተጫወትኩ፣ ደኅና።

ቆለፍኩት። ጥቂት ቆይታ ብልጭ ድርግም።

ከፈትኩ፣ አገናኘሁ። ቀጥ።

ቆለፍኩ። ብልጭ።

አሥር ጊዜ። ስሜት እንዳያታልለኝ ሁሉንም መዘገብኩ። አሥሩም አንድ ዓይነት። ብረቱ ነው። በገዛ እጄ የቆለፍኩት ብረት ሞገዱን አፍኖት ነው። በጀርባው ያስበሳሁት ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ እያሾለከ ነበር የሚያጫውተኝ።

የዳንግላው ጠይቆኝ ነበር። ሳያይ፣ ዳንግላ ተቀምጦ፣ በአንድ ጥያቄ ደርሶበት ነበር። የእንጨት ነው የብረት? እኔም የእንጨት ነው አልኩት። እሱ ምስኪን እንጨት ነው ከተባለ ሌላ ምን ይሆን እያለ መርፌና ገመድ ሲያስብ ሰነበተ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ልጄን መታኋት።

ደግሞ እንዲህ እላለሁ፣ ከቶም ለማንም ብዬው የማላውቀውን። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ የሚስቴን ቋንቋ አልተማርኩም። ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር የምሰማው፣ ምን አሉ እያልኩ። አሁንም እንደዚያው በር ላይ ነኝ። እናትነሽ ስትሄድ የሚቀረኝ ይኸ ግራጫ ሳጥን ነው። የዳንግላውን ሌባ ያልኩት ስለ ጭረቱ አይደለም። ሌባ ቢሆን ልጄን አልሰጠውም ነበራ። ሌባ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

አሁን ጻፍኩት። መሰረዝ አይቻልም፣ በመዝገብ የተጻፈ አይሰረዝም።


ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ። ጠዋት 4፡30፣ ሚኒባስ ውስጥ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍህ፣ ፊደሉ ቢያጋድል አትታዘበኝ። መንገዱ ዳርና ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሯል፣ ሹፌሩ ለመጫን አቁሟል።

ደወልኩላት፣ አላነሣችም። ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ከደም ግፊቱ ወዲህ ብቻዬን ሚኒባስ ስሳፈር ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። አክስቷ በሩን ከፍታ አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ እናትነሽን ጠራቻት፣ በአዊኛ። እንደ እንግዳ በር ላይ ቆምኩ። ግቡ ሲሉኝም አልገባሁም። ሽማግሌ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ሳይታረቅ እንደማይቀመጥ ነው ያደረግኩት። እኔው ሽማግሌ፣ እኔው በዳይ።

ነገርኳት። ቁም ሳጥኑን፣ የብረቱን ነገር፣ የእንጨት ነው ብዬ መዋሸቴን። ሰንጠረዡን ይዤ ነበር፣ ከፊቷ ቀደድኩት። ከዚያ ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ ሰጠኋት። በግራ እጄ ነው የፈታሁት፣ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ቆማ ጠበቀችኝ። ላግዝዎ አላለችም፣ ስለዚህ ወደድኳት።

ቁልፉን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። መልሳ ሰጠችኝ።

«ቁልፉን አልፈልገውም አባዬ። በሩን ክፍት ያድርጉት ብቻ።»

ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው አልኳት። እንዲሁ፣ በአክስቷ ፊት። ከዳንግላ ቆሰበር አንድ ሚኒባስ ነው አለችኝ፣ አሁን የመጡበት መንገድ ሁለት እጥፍ ነው፣ ይኸን ካልቻሉ እኔ እችላለሁ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም። አክስቷ ወንበር አመጣች።

ቅዳሜ ትመለሳለች።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ። ጠዋት 3፡40

ሽማግሌዎቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ። እናትነሽ ጓዳ ናት። ስልክ ታወራለች፣ በአዊኛ፣ ትስቃለች። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ይሁን።

ማሽኑን ትናንት ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በበሩ የሚገባ ሁሉ የሚያየው። ጥልፉን በታቹ አነጠፍንለት። ጭረቱ ወደ ውጭ ይታያል፣ ይታይ። ከትናንት ጀምሮ ሰው ቤት እያለ ተጫወትኩ፣ እናትነሽ አጠገቤ ተቀምጣ። አልተቋረጠችም። ተሸነፍኩ እንጂ አልተቋረጠችም።

መልሱን በደብዳቤ መልክ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ። እንዲህ አይደለም የሚባለው። ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ አባት ተቀምጦ ይመልሳል። ዛሬ እኔ ነኝ የምቆመው። አያ ፈንታ ባለፈው ሳይሰናበተኝ ወጥቷልና በመጀመሪያ እሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሰሙ። ቀጥሎ ልጄን ሰጥቻለሁ እላለሁ። ሰርጉ ከጥምቀት ወዲያ ይሁን፣ የቀረውን እነሱ ይነጋገሩ።

ከዚያ ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ፣ አያ ፈንታ ወረቀት ላይ እንዲጽፈው አደርጋለሁ፣ ኔትወርክ እንዳይቆርጠው። ቁም ሳጥኑ የብረት ነበር፣ አባቷ ዋሽቶሃል በሉት። ልክ ነበርክ በሉት። ቤቱ ክፍት ነው፣ ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ይምጣ።

ስሙ አበባው ነው። አበባው። ጻፍኩት።

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። የአጥሩ በር ተንቀሳቀሰ። እጄ ወደ አንገቴ ሄዶ ነበር፣ መለስኩት። የሸሚዜን የላይኛውን ልቆልፍ፣ በግራ እጄ። ሁለተኛዋን ጆይስቲክ ቻርጅ ላይ አድርጌያታለሁ፣ አበባው ሲመጣ በሷ ይገጥመኛል።